ሽማግሌ የላከ አይጠየቅም

በአሉታ የቀረበ ጥያቄ መልሱ ያምታታል ይላሉ። አያምታታም።

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ አንድ የውጭ ቋንቋ ጀምረው ያልጨረሱ ሰዎች ናቸው። ማስረጃቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው። «አልበላህም?» የተባለ አማርኛ ተናጋሪ፣ ካልበላ፣ «አዎ» ይላል፤ ያልከው ልክ ነው ማለቱ ነው። እንግሊዙ በዚያው ባዶ ሆዱ «አይ» ይላል። ጃፓኑና ቻይናው ከእኛ ጋር ናቸው። ፈረንሳዩ «የለም፣ በልቻለሁ» ለማለት ብቻ የምታገለግል አንዲት የተለየች ቃል አለችው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ ደግሞ አዎና አይ ላይ ሳይንገላቱ ግሡን ራሱን መልሰው ይወረውሩልሃል፤ «አልበላሁም» ብለው ይገላገላሉ። እኛም ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከአዳማ ዱከም በሚኒባስ እየተመላለሱ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ውጭ አለቆቻቸው የሚያወሩት ቀልድ ግማሹ በዚህ ላይ ነው፤ ያስቃልም። በዚህ ምክንያት ማሽን ሳይጠፋ አድሮ፣ ካርቶን ሳይጫን ቀርቶ ይሆናል። ሰው ሲሰበር ግን አላየሁም። ሰው ሲሰበር ያየሁት ጥያቄውም መልሱም ለሁሉም ወገን ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ቦታ ነው።

በልጅነቴ አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩን፤ አጠር ተደርጎ የተቆረጠ የውሃ ጎማ ከእጃቸው አይለይም። «አልነገርኩህም?» ይላሉ። «ነግረውኛል» ካልክ እያወቅህ ነው ያጠፋኸው፤ ጎማው ጀርባህ ላይ ያርፋል። «አልነገሩኝም» ካልክ መምህርህን ውሸታም አደረግህ፤ ጎማው ጣቶችህ ላይ ያርፋል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አንድ ቀን «አላስታውስም» የሚል ሦስተኛ መልስ ሞከረ። ጆሮው ደማ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሙሉ ትክክለኛውን መልስ አወቀ፤ አንገት መድፋት። በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል፤ ሰዋስው አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ጎረቤቴ ለማውራት ነው።

የምኖረው አዳማ ነው፤ በአንድ የቆርቆሮ በር ገብተን ግቢውን በጋራ ከምንጠቀም ተከራዮች አንዱ ነኝ። ከእኔ ክፍል ጋር አንድ የብሎኬት ግድግዳ የሚጋሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያራግፋል፤ መንገድ ላይ ይሰነብትና ይመጣል። ሲመጣ ለግቢው ሕፃናት ቴምር ያመጣል፤ ለእኔም ጋዜጣ። ጋዜጣው የሰነበተ ነው፤ እኔ ግን ማንም የማያነበውን ነገር ስለምወድ ደስ ይለኛል። ትሑት ሰው ነው፤ አሮጊት ሲያልፉ ከመቀመጫው ይነሳል፤ እድር አያስታጉልም። ሚስቱ ከአዋሽ ማዶ፣ ከዴራ አካባቢ የመጣች የአርሲ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደ ማንኛችንም ነው፣ ለልጆች ስትቆጣ ብቻ ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች።

ሰው ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ፊልም ላይ እንደምንሰማው አይደለም። እህል የሞላ ጆንያ ከጋሪ ላይ ሲወረወር እንደሚያሰማው ነው። ድፍን ነው፤ ከወለሉ ይጀምራል። ቀጥሎ የአልጋው ብረት ግድግዳውን ይመታል፣ ቀጥሎ የእኔ መደርደሪያ ላይ ያሉ መጻሕፍት ይንቀጠቀጣሉ። እሷ አትጮህም ነበር። ከንፈሯን ነክሳ በአፍንጫዋ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ግን በግድግዳው ያልፋል። እሱ ይጮሃል፤ የሚጮኸውም ጥያቄ ነው። «አላልኩሽም? አልነገርኩሽም? አታውቂኝም?» ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ጆንያው ይወድቃል።

ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ዓይኗ እንደ በሰለ ቲማቲም አብጦ ነበር። ቧንቧው ዙሪያ የቆሙት ሴቶች አዩዋት። ሁሉም በየተራ የጠየቋት አንድ ነገር ነው። «ምንም አልሆንሽም አይደል?»

«አልሆንኩም» አለች።

ይህ መልስ ያምታታል? ማንን? እያንዳንዷ ሴት ምን እንደሆነች ታውቃለች፤ እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። እኛ ዘንድ «ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ወሬኛ ነው፤ ጨዋ ሰው «ምንም አልሆንሽም አይደል?» ነው የሚለው። መልሱን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ተጠያቂዋን አያስቸግራትም፤ ጠያቂውንም አያስቸግረውም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ካርድ የምትሞላው ልጅ ብዕሯን ሳታነሳ የመታሽ ሰው የለም አይደል አለቻት። አንድ ጊዜ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ነበር፤ በሩ ላይ የነበረው ወጣት መታወቂያዋን አይቶ የየት ልጅ እንደሆነች ለየና አዘነላት፤ እንዳይከብዳት በቋንቋዋ ጠየቃት። «ሆማ ሂን ታኔ፣ ሚቲ?» ምንም አልሆነም፣ አይደል? በሁለት ቋንቋ ተጠይቃ በሁለቱም አንድ መልስ መለሰች፤ ተመልሳ መጣች። ቋንቋዎች በዚህ ነገር ይለያያሉ የሚሉ ምሁራን ከእሷ ጋር አንድ ሳምንት ይክረሙና ይምጡ።

ከዚያ ወለደች። ሴት ልጅ።

የአራሷ እናት ታላቅ እህት ከዴራ መጥታ አረሰቻት። አክስትየው ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንባሆ የምታኝክ ሴት ናት። ስትመለስ አንዲት ትንሽ እንጨት ግንባሯ ላይ አሰረችላት፤ ቀነፋ ይሏታል። ይህችን ያሰረች ሴት አራስ ናት፣ ባሏም ሆነ ሌላ ሰው ክፉ እጅ አያነሳባትም ማለት ነው። በከተማ ይህን የሚያደርግ ብዙ የለም። ግቢያችን ውስጥም አንዳንዶች ከኋላዋ ሳቁባት። እሷ ግን አላወለቀችውም። በዚህች ጣት በምታህል እንጨት ምን ያህል ተስፋ እንደጣለችባት ያወቅሁት በኋላ ነው።

ባልየው ከጉዞ የተመለሰው አንድ ነፋሻ ከሰዓት ላይ ነበር፤ የአዳማ አቧራ ዓይን የሚያሳጣበት ቀን። ግቢው ሙሉ ነበር። ለምን እንደጀመረ አላውቅም፤ ስለ ምሳ ነው ያሉም አሉ፣ ወንድ ስላልወለደች ነው ያሉም አሉ። መጀመሪያ የተሰበረችው ቀነፋዋ ነበረች። ቀጥሎ ከመኪናው ይዞት የገባው የጎማ መፍቻ ብረት ተነሳ። እሷ ልጇን በአንድ ክንዷ ወደ ደረቷ አጥብቃ ሌላውን ክንዷን ከፍ አደረገች፤ ብረቱ እሱ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ጮኸች። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው፤ ቧንቧው ጋ የነበሩት ሳይቀሩ ሰምተውታል።

የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ አስተዳዳሪ፣ ከክፍላቸው ወጥተው በሩ ድረስ ሄዱ። አንኳኩ። «ሰላም ነው? ምንም የለም አይደል?» አሉ።

ከውስጥ በትሕትና «ምንም የለም፣ ጋሼ» አላቸው።

እሳቸውም «ተመስገን» ብለው ተመለሱ።

ሆስፒታል ክንዷን ጀሶ አድርገውላት ተመለሰች። ልጅቷ ደህና ነበረች። በማግስቱ ባልየው ሽማግሌ ላከ። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ልናገር፤ በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ራሱ ሄዶ ይቅርታ አይጠይቅም፣ የተከበሩ ሰዎች ይልካል። የተከበሩት ሰዎች ቤትህ ገብተው «አንቀመጥም» ይላሉ። ይሁን እስክትል ድረስ ይቆማሉ። ሽማግሌ አስቁሞ የሚያስመልስ ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ ቀብሩ ላይ የሚቆምለት አያገኝም።

ሰብሳቢው እኔንም ጠሩኝ፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሽምግልና ላይ ሲኖር ያምራል ብለው ያምናሉ። ክፍሉ ውስጥ ገብተን ቆምን። እሱ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ያሳዝናል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ናት፤ ጀሶው እንደ ሌላ ሰው ክንድ ጭኗ ላይ ተጋድሟል።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዳር ተናገሩ፤ እግርና እግር እንኳ ይጋጫል አሉ። ከዚያ ጠየቋት። «ይቅር አትይውም?»

ዝም አለች።

«እኛን ሽበታሞቹን አታከብሪንም?»

ዝም።

እኔ እስቲ እሱን እንጠይቀው አልኩ። ሰብሳቢው እንደ ሕፃን አዩኝ። ምን ብለን ነው የምንጠይቀው አሉኝ። መታሃት ወይ ብለን አልኩ። «አንተ ደግሞ» አሉ፤ «ሽማግሌ የላከ አይጠየቅም። ያጠፋ መሆኑን ባያውቅ መቼ ይልከን ነበር?» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ነው ሕጉ፤ መላኩ ራሱ ማመን ነው፤ ያመነ ሰው ደግሞ አፉን አይከፍትም። እናም ክንድ የሰበረው ሰው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ክንዷ የተሰበረባት ሴት ናት መልስ የምትሰጠው። ዝምታዋን እሺታ ነው አሉና ምርቃቱን ጀመሩ። አሜን አልን። በልጅነቴ የተማርኩት ያ አንገት መድፋት እዚህ ቤት ውስጥ ፊርማ ሆኖ ይሠራል።

ምርቃቱ መሃል ላይ ነበር ከውጭ የሴቶች ድምፅ የሰማነው። ዘፈን አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ይጀምርና አብሮ ይነሳል። በሩ ተከፈተ። በርካታ ሴቶች ከዴራ መጥተው ግቢውን ሞልተውታል፤ በእጃቸው ቀጭን፣ የተላገ፣ በቅቤ የወዛ በትር ይዘዋል። ሲንቄ ነው። አንዲት የአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ የምትሰጣት በትር ነው፤ ለመምቻ አይደለም። አንዷ ስትነካ ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ያጠፋው ሰው በፊታቸው እስኪቆም አይመለሱም። አራስ የመታ ሰው ዘንድ ሲመጡ ደግሞ ሳቅ የለም። ዜናው እንዴት እንደደረሳቸው አልጠየቅሁም፤ ስልክ የሌለው ማን አለ?

ሰብሳቢው በጨዋ ደንብ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ በተሰባበረ ኦሮምኛ እንዲቀመጡ ለመኑ። አክስትየው አየቻቸውና አለፈቻቸው። በእህቷ ልጅ በኩልም አለፈች፤ አንድ ነገር አልጠየቀቻትም። ምንም አልሆንሽም አይደል አላለቻትም። ባልየው ፊት ቆመች።

«ኢሼ ሩኩቴ?» አለችው። ከዚያ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር በአማርኛ ደገመችው። «መታሃት?»

«እማማ፣ እኔ እኮ…»

«መታሃት?»

«አላበላኋትም?» አለ እሱ፤ ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ። «አላለበስኳትም? እዚህ ግቢ ውስጥ የጎደለባት ነገር አለ?»

«እሱን አልጠየቅሁህም። መታሃት?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት ዞሩ። በዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ስኖር ያንን ጥያቄ እንዲያ ራቁቱን ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማምለጫ የለውም፤ ወይ አዎ ነው ወይ አይ ነው፤ የትኛውም የዓለም ቋንቋ ይችለዋል።

«መታኋት» አለ። ይህን ካለ በኋላ የሆነው ነገር በጣም ፈጣን ነበር። ቃሉ ከአፉ የወጣው እንደ ተፋው ጥርስ ነው፤ ራሱም ደነገጠ፤ ቃሉን ያስወጣችበትን ሴት ጠላት። በትሯን ከእጇ መንጭቆ ጉልበቱ ላይ ሰበረው፤ ግማሹን ፊቷ ላይ ወረወረው። ቅንድቧ ተተርትሮ ደም ዓይኗን ሞላው።

ያን ጊዜ የግቢያችን ወንዶች ጀግኖች ሆኑ።

ሁሉም አንድ ላይ ነው ዘለው ወደ ግቢው ጎትተው ያወጡት። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን፣ የሰብሳቢው ልጆች፣ ከውጭ ጩኸት ሰምተው የገቡ የማላውቃቸው ሰዎች። በጫማ ሆዱን፣ በተረከዝ ጣቶቹን። አንዱ ያንኑ የጎማ መፍቻ ብረት ከደጃፉ አንስቶ የራስ ቅሉ ላይ ሲያሳርፍ ብረቱ ከጆሮው በላይ ገባ፤ ደሙ የብሎኬቱን ግድግዳ እስከ መስኮቱ ረጨው። የሚጮኹትን ልብ ብዬ ሰማሁ። «አንተ ሰው አይደለህም? እናት አልወለደችህም? አታፍርም? አራስ አትፈራም?» እንደገና ጥያቄ፣ ከጥያቄው በኋላ እንደገና ጆንያው ይወድቃል። ሌላ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ የምሰማው ነገር ነው፤ አሁን ብዙ አፍ አግኝቷል። ለመገላገል የሞከርን ሁለት ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ክርን አገጬ ላይ አረፈና ቧንቧው ሥር ተቀመጥሁ። ሰውየው መልስ መስጠት አቁሞ ነበር። ሊገድሉት ነበር።

ያዳኑት ሴቶቹ ናቸው። አክስትየው ደሟን በነጠላዋ ጫፍ ሳትጠርግ የሌላ ሴት ሲንቄ ተቀብላ መሃላቸው ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ በትራቸውን በመሬት ላይ በተጋደመው ሰውና በወንዶቹ መካከል አግድመው ያዙ። አርሲ ውስጥ የሚዋጉ ሰዎች መካከል ሲንቄ ከገባ ጦር ይታጠፋል ሲባል ሰምቼ የማንኛውም አገር ሰው ስለ አገሩ እንደሚያጋንነው መስሎኝ ነበር። ወንዶቹ እዚያው ቆሙ። ጫማውን ያነሳ በአየር ላይ አስቀረው። ብረቱን የያዘው ሰው ብረቱን መሬት ላይ ጣለ። አንድም ሰው በዚያች ቀጭን እንጨት ላይ አልተራመደም፤ ኦሮምኛ የማያውቁትም ጭምር።

አክስትየው ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«ከዚህ በፊት ስትመታ ትሰሙ ነበር?»

እሳቸው እኛ አዎ ስንል እንደምናደርገው አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ያቺ አጭር ትንፋሽ፣ በቃል የማትያዝ።

«በአፍዎ» አለች።

«እንሰማ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ክፍሉ ገብታ ሕፃኗን ከአልጋው ላይ አንስታ ለአንዷ ሰጠች፣ የእህቷን ልጅ ከጀሶው ራቅ አድርጋ ብብቷ ሥር ይዛ አስነሳቻት፤ የተሰበረውን በትር ሁለቱን ቁራጭ ለቀመች። ወጡ። ሰውየውን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱት። የግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ፖሊስ መጥቶ የሁሉንም ቃል ተቀበለ፤ ጉዳዩ እስካሁን እየተጓተተ ነው። ለሰበረው ሲንቄ በወጉ መሠረት ከብት ነድቶ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ዴራ ሄዶ መቆም ነበረበት። አልሄደም። ተሽሎት መኪናውን ወደ መንዳት ተመልሷል፤ ቴምርም ያመጣል።

ከሴትዮዋ ጋር አልፎ አልፎ በስልክ እንነጋገራለን። ክንዷ ጠምሞ ነው የገጠመው፤ ውሃ መሸከም አትችልም። ልጅቷ መቀመጥ ጀምራለች። አንድ ጊዜ ስለ ወደፊቱ ስንነጋገር እሱን እንደማትፈራው ነገረችኝ፤ አክስቷ ደጃፍ ላይ እጁን እንደማያነሳ ታውቃለች። የምትፈራው ሽማግሌ ነው። «መጥተው ከቆሙብኝ ምን እላለሁ?» አለችኝ። «እምቢ ማለት አላውቅበትም። ዝም ነው የምለው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ይወስዱኛል። ከወሰዱኝ አሁን ይገድለኛል።» ይህን ያለችው የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ ነው።

ባለፈው እሑድ ባልየው በሬን አንኳኳ። በደህናው ጆሮው በኩል ቆሜ አናገርሁት። ወደ ዴራ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ፣ ከእድሩም ከሞጆም ሰዎች እያሰባሰበ እንደሆነ፣ እኔም ብጨመር ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ብትመጣ ትመታታለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም እኮ» አለኝ። «አይደለሁም አይደል?»

አልሄድልህም አልኩት። ብዙ አልቆየም፤ በትሕትና ተሰናብቶኝ ወጣ፤ የቆርቆሮውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ደግ ነው፤ ለምኖ ያሳምናል። የሚፈልጋቸው ሰዎች እንደ አንተ ያሉ ናቸው፤ ሽበት ያላቸው፣ የተከበሩ፣ ምርቃት የሚያውቁ፣ ቤት ገብተው «አንቀመጥም» ማለት የሚችሉ። አዳማም ሁን ሞጆ፣ ቆቃም ሁን ዴራ፣ እዚያ ቤት ውስጥ መቆምህ ብቻ ይበቃታል፤ ሌላው ሁሉ በዝምታዋ ያልቃል።

አንተ ቤት ሲመጣ አትሂድለት።